የወለተ ሐና ወረቀት

«እኔ የምለው» አለ ስማቸው፣ የንፍሮውን ጣባ ለጎኑ ሰው እያሳለፈ፣ «ልጅቱን የገደላት በሽታው አይደለም፤ ወረቀት ነው። ደሟን ቀድተው ወሰዱ፣ ውጤቱን ውሃ በላው። አምስት ወር ሙሉ። የሰው በሬ እንኳ ቢጠፋብህ አምስት ወር ዝም ትላለህ?»

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ለቀስተኛ ራሱን ነቀነቀ። ዕፀገነት ከተቀበረች አምስተኛ ቀኗ ነው። ሐዘን ቤት ከሠልስት ወዲያ እንባው ይቀንስና ወሬው ይበረክታል፤ ስማቸው ደግሞ የያዘውን ወሬ የሚያሳድር ሰው አልነበረም። የሟች አጎት ነው፣ የእናቷ የማሬ ታናሽ ወንድም። እህቱንና የእህቱን ልጅ ይዞ ወደዚያ ከተማ ሆስፒታል ሦስት ጊዜ ተመላልሷልና ንዴቱ የእውነት ንዴት ነበር።

«ሰባቱ ይውጣ እንጂ» አለ ወደ ሴቶቹ በኩል ዞሮ፣ «ክሱን እኔ ነኝ የማቆመው። የልጅሽን ደም ደመ ከልብ አላደርገውም፣ እታለም።»

ማሬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሰሌኑ ላይ ተቀምጣለች። ከአምስት ቀን ልቅሶ በኋላ ድምፅ የሚባል አልቀራትም። «እግዜር ይፍረድባቸው» አለች በሹክሹክታ።

የሟች አባት መሪጌታ ባዩ የሚስታቸውን ቃል ሲሰሙ የያዙትን ንፍሮ ወደ ጣባው መለሱ። በቤተ ልሔም ደብር ድጓ የሚያስተምሩ፣ ድምፃቸው ከቅጽሩ ውጭ የሚሰማ ሰው ናቸው፤ ከቀብሩ ወዲህ ግን ከ«አሜን» በቀር የተናገሩት የለም። ሰው ሁሉ ሐዘኑ አፋቸውን ያዘው አለ። ሐዘኑስ እውነት ነው፤ አንድ ልጃቸውን ነው የቀበሩት። ግን እግዜር በማን ላይ መፍረድ እንዳለበት ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ለነፍስ አባታቸው ለአባ ተክሌ እንኳ አልተናገሩትም።

ረፋዱ ላይ አንዲት እንግዳ መጣች። ከንፋስ መውጫ ባጃጁ እስከቻለው ድረስ አምጥቷት፣ የቀረውን ዳገት በእግሯ የወጣች፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። ማሬ ገና ስታያት ብድግ አለችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱም አለቀሱ። እንግዳዋ የምታለቅሰው ከአንጀቷ መሆኑን ሴቶቹ ወዲያው አወቁ፤ በዚህ ነገር የሚያታልላቸው የለም።

«ሐረገ ወይን ናት፣ ሲስተሯ» አለች ማሬ ለሰዉ። «ልጄን ያስታመመችልኝ። እኔ ስደክም እሷ ነበረች የምታቅፋት።»

ስማቸው «ሲስተር» የሚለውን ሲሰማ ጢሙን ነከሰ። ሆኖም ለቀስተኛ ለቀስተኛ ነው፤ መንገድ መጥቶ እህል ሳይቀምስ ክፉ አይናገሩትም። ሐረገ ወይን ከንፍሮው ቆንጠር አድርጋ፣ ቡናውንም ፉት ብላ፣ ትንሽ ከቆየች በኋላ ወደ መሪጌታ ጠጋ አለች።

«መሪጌታ፣ ለብቻዎ የማናግርዎ ነገር አለ። ከሷ የተላከ ነው።»

ከድንኳኑ ጀርባ ወዳለው አውድማ ወጡ። ገብሱ በክምር እንዳለ ነው፤ ሐዘኑ እስኪወጣ ማንም በሬ አያገባበትም። ታኅሣሥ ስለሆነ ፀሐይ ቢወጣም ብርዱ ከአጥንት አልለቀቀም። ከክምሩ ጥግ ተቀመጡ።

«ዕፀገነት ከማረፏ በፊት አንድ ፈቃድ ፈርማለች» አለች ሐረገ ወይን። «የሕመሟ ታሪክና የደሟ የዘረመል ምርመራ ለተመራማሪዎች እንዲሰጥ። የደም ካንሰርን የሚያጠኑ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ ያላቸውን መረጃ በአንድ የጋራ መዝገብ እያስገቡ፣ አንዱ የሌላውን እያየ ነው የሚሠሩት። የኛ አገር ሰው እዚያ መዝገብ ውስጥ ጥቂት ነው። የኛ ደም ሳይታይ፣ በሌላው ሰው ደም በተጠና ነው የምንታከመው። ይሄን ስነግራት ሳልጨርስ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችው።»

መሪጌታ ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እንዲያ ናት። ንፋስ መውጫ ባዮሎጂ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ቀን ጣታቸውን በመርፌ ወግታ፣ ጠብታውን በመስታወት ላይ አድርጋ፣ በማጉያው አሳይታቸው ነበር። «ይዩዋት አባዬ፣ ያቻት፣ እንጎቻ የምትመስለው ቀይዋ» ስትላቸው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩና «ስብሐት ለእግዚአብሔር» አሉ። እሷም ለተማሪዎቿ «አባቴ በማይክሮስኮፕ ቅዳሴ ገቡ» ብላ ስትስቅባቸው፣ ተማሪዎቿ ለመሳቅ ፈርተው መሪጌታ ራሳቸው ሲስቁ ሳቁ። ልጅ ሳለችም እንዲሁ ነበረች፤ ከግድግዳው ጀርባ ሆና ዜማውን ሆን ብላ ታበላሸዋለች፣ እሳቸው ተማሪዎቻቸውን ትተው እሷን ሊያርሙ እንዲመጡላት።

«ስሟስ?» አሉ መሪጌታ። «ስሟን ነው ለዓለም የምትሰጡት?»

«ስሟ ይነሣል። በቁጥር ነው የምትታወቅ።»

ሙት በስሙ ነው የሚታሰብ። ይህን ሊሉ ብለው ተዉት። «እሷ ከፈረመች ታዲያ እኔ ምን ልሆንላችሁ ነው?»

ሐረገ ወይን ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች፤ አልሰጠቻቸውም፣ ጭኗ ላይ ይዛው ቆየች። «አንድ ነገር ሳትፈርም ተወች። ሁለት ደም አለ፣ መሪጌታ። ሁለተኛው ግንቦት ላይ የተቀዳው ነው፣ በሽታው ከተለወጠባት በኋላ። የመጀመሪያው አምና ኅዳር የተቀዳ፣ በሽታው ገና ለጋ ሳለ። ሁለቱ የአንድ ሰው መሆናቸው ታውቆ ጎን ለጎን ቢታዩ፣ ያ በሽታ በምን መንገድ እንደከፋባት፣ ለምን እንደዚያ እንደፈጠነ ይጠናል። እንዲህ ያለ ጥንድ በቀላሉ አይገኝም። ግን የኅዳሩ ደም የሷ አይልም። ወለተ ሐና ገብረ ሕይወት ነው የሚለው።»

ለቀባሪው አረዱት ይባላል። መሪጌታ እንጎቻ የምታህል ድንጋይ ከመሬት አነሡና እጃቸው ውስጥ ያገላብጧት ጀመር።

ኅዳር ላይ ከተማ የወሰዷት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ በፊት ሱባኤ ይዘው ሰባት ቀን ጸበል አስጠምቀዋታል፤ ሰባቱንም ቀን ዳዊት የደገሙላት በክርስትና ስሟ ነው። ሐኪሙ የሆዷን እብጠት ዳብሶ፣ ደሟን አይቶ፣ «የደም ካንሰር ዓይነት ነው፤ ግን በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አለው፣ ደግሞ በነፃ ነው። ኪኒኑን ለመስጠት ግን የዘረመል ምርመራ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ደሙ ውጭ አገር ሄዶ ነው የሚመረመረው» አለ። ዕፀገነት ካርዷንና ስልኳን እንደያዘች ደክሟት አግዳሚው ላይ ቀረች። መሪጌታ መመዝገቢያው መስኮት ላይ ቆሙ። ጸሐፊው ሳያያቸው «የታማሚ ስም ከነአባት» አለ።

የልጃቸው ደም ባሕር ሊሻገር ነው። የማያውቋት ሰዎች እጅ ሊገባ ነው። እግዚአብሔር በሚያውቃት ስም ይሂድላት ብለው አሰቡ። «ወለተ ሐና» አሉ። የአባት ስም ሲባሉም የራሳቸውን የክርስትና ስም ሰጡ፤ ልጅቱን በመንፈሳዊ ስሟ አስጽፈው እሳቸው በዓለም ስማቸው ቢከተሏት ነውር መሰላቸው። ጸሐፊው ጻፈ። መሪጌታም መልካም ሥራ እንደሠራ ሰው ልባቸው ረክቶ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ጥርም መጋቢትም ሚያዝያም እሷን ይዘው የሄዱት ማሬና ስማቸው ናቸው፤ መሪጌታ ማኅሌቱና ጾሙ ይዟቸዋል። መንገድም ይዘጋል፣ ይከፈታል። በሄዱ ቁጥር «ዕፀገነት ባዩ የሚባል አልመጣም» ይባላሉ። ማስታገሻ ኪኒን ይዘው ይመለሳሉ። ግንቦት ላይ እንደገና ደሟ ሲቀዳ በሽታው ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ያ ኪኒንም የማይመልሰው ሆነ።

መሪጌታ ያወቁት ሰኔ ላይ ነው። ሕክምናዋን ለጥቂት ቀን አቋርጣ ቤት መጥታ ነበር። ማሬ ውሃ ወርዳለች። ዕፀገነት ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቀች፣ እንደ ዋዛ «አባዬ፣ ያን ጊዜ መስኮቱ ላይ ማን ብለው ነበር ያስጻፉኝ?» አለቻቸው።

«በስመ ክርስትናሽ ነዋ።»

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች። ከዚያ «ደግ አደረጉ» አለችና ስለ ተማሪዎቿ ፈተና ማውራት ጀመረች። እሳቸውም እየሰሟት፣ ቀስ በቀስ፣ ምን እንዳደረጉ ገባቸው። ከዚያ ቀን ወዲያ ሁለቱም ይህን ነገር አላነሡትም። እሷ እስክትሞት ሆዳቸው ፈጀው።

«ወረቀቱን ሰኔ ላይ ያገኘነው እሷና እኔ ነን፣ ወደ እናንተ ከመምጣቷ በፊት» አለች ሐረገ ወይን። «ባለቤት ያልመጣላቸው ውጤቶች የሚቀመጡበት መሳቢያ አለ። አንብባ መጀመሪያ ሳቀች። 'ይሄ የአባቴ ሥራ ነው' አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። ሁለቱን ደም እናገናኘው ወይ ስላት ግን እንቢ አለች። ለዚያ የእናትም የአባትም ምስክርነት ያስፈልጋል፤ እናቷ ከሰማች ቤታችሁ የሚፈርስ መሰላት። 'እኔ ከሞትኩ በኋላ አባቴን ጠይቂያቸው። እንቢ ካሉ አንድ ቃል እንዳትጨምሪባቸው' ብላ አስምላኛለች።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ያች ወረቀት በጊዜዋ ብትገኝ ልጄ ትተርፍ ነበር?»

ሐረገ ወይን ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «ብዙ ሰው በዚያ ኪኒን ዓመታት ይኖራል፣ መሪጌታ። አንዳንዱን ግን በሽታው ኪኒኑን ጥሶም ይሄድበታል። እሷ ከየትኛው እንደነበረች ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሁለቱ ደም ቢታይ ምናልባት ይታወቅ ይሆናል። እሱም ለእርስዎ የሚነገር አይደለም፤ ለሌላ ታማሚ ነው የሚጠቅመው።»

መሪጌታ ድንጋይዋን ወረወሯት። ሊሞቱላት ይችሉ ነበር፤ ይህ ግን ከሞት ይብሳል። ማሬ ፊት ቆሞ መናገር፣ ያን ዓይን ማየት፣ ከዚያም ከዚያች ሴት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማርጀት።

«ሂጂ ልጄ» አሉ። «እኔ አልችልም። እሷም ይቅር ትበለኝ።»

ሐረገ ወይን እንደ መሐላዋ ምንም አልጨመረችም። ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች።

ልትሰናበት ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ግን ስማቸው መንገዷ ላይ ቆሞ ነበር። ጠላው ትንሽ አሙቆታል።

«ከዚያው ቤት አይደለሽ?» አላት። «በይ እስቲ ንገሪን። የልጃችንን ወረቀት ማነው የጣለው? ሦስት ጊዜ ተመላልሰን እንደ ለማኝ ከመስኮት መስኮት ስታዞሩን፣ አንዳችሁ እንኳ መሳቢያ መክፈት አቃታችሁ?»

«ስማቸው፣ እሷ ምን አጠፋች» አለች ማሬ።

«ሁሉም አንድ ናቸው። ገድለው ሲያበቁ ልቅሶ ይደርሳሉ።»

ሐረገ ወይን ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። መሪጌታ አዩዋት፤ አንድ ቃል ብትናገር ነፃ ትወጣለች። ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወደ እሳቸው ዞር ብላ ብታይ እንኳ ይበቃት ነበር። ዞር አላለችም። «ይቅርታ ያድርጉልን፣ ጋሼ» አለች ለስማቸው።

ይህን ነው መሪጌታ መሸከም ያቃታቸው። ልጃቸው ስለ እሳቸው ዝም ብላ ሞተች፤ አሁን ደግሞ የሰው ልጅ ስለ እሳቸው ትሰደባለች።

«ተው፣ ስማቸው» አሉ። አምስት ቀን ያልተሰማው ድምፃቸው ሰዉን አስደነገጠ። «ወረቀቱ አልጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ቆመው ተናገሩት፣ ከመስኮቱ ጀምረው እስከ ሰኔው ፀሐይ፤ ሲስተሯ ዛሬ የጠየቀቻቸውን፣ የሚጠናውን ደምና የሚነሣውን ስም ሳይቀር። አላሳጠሩም፣ ራሳቸውንም አልማሩም። ስማቸው መጀመሪያ ሊያቋርጣቸው ከጀለ፤ ከዚያ ያለበት ቦታ ቁጭ አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

ማሬ ከሰሌኑ ሳትነሣ «መቼ አወቁ?» አለች።

«ሰኔ።»

«እሷስ?»

«እሷም። አንቺን ለማራቅ ብላ አይደለም የደበቀችሽ፤ ለኔ ብላ ነው።»

«ሁለታችሁም ታውቁ ነበር» አለች ማሬ። «እኔ ብቻዬን የማላውቀውን ሰው ስረግም ከረምኩ።» ተነሥታ ወደ ቤት ገባች፤ በሩንም ከውስጥ ዘጋችው።

መሪጌታ በሩን አዩት፤ ማንኳኳት ቃጣቸው፣ ግን ምን ብለው ያንኳኳሉ። የፈሩት ሆነ፤ ከሆነ በኋላ ግን የሚፈሩት አልቀረምና እጃቸውን ወደ ሐረገ ወይን ዘረጉ። «አምጭው ልጄ።» ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ብራና በሚጽፉበት እጅ፣ ወለተ ሐና የምትባለው ዕፀገነት መሆኗን፣ ያንን ስም ያስጻፉትም አባቷ መሆናቸውን ጻፉና ፈረሙ። እንባቸው የወረደው ይሄኔ ነው። ልጄን ገደልኳት፣ ልጄን ገደልኳት ይላል ሆዳቸው፤ አፋቸው ግን አይናገርም።

ሐረገ ወይን የእናትየዋ ቦታ ባዶ መሆኑን አየች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትሳፈርበት መኪና ከንፋስ መውጫ ይነሣል። ቢሆንም ቁጭ አለች፤ መኪናው ይሂድ ብላ ተወችው።

በሩ ሲከፈት ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። ማሬ ፊቷን ታጥባለች። ባሏን ሳታይ አልፋ ሐረገ ወይን ፊት ተንበረከከች።

«ያ የቀረው ደሟ አሁን የት ነው ያለ?»

«በጣም በሚቀዘቅዝ ማቆያ ውስጥ ነው፣ እናቴ።»

«አይቀበርም?»

«አይቀበርም። ሲጠና ይኖራል።»

ማሬ የቀሚሷን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «ለሌላ ሰው ልጅ ይበጃል?»

«ሊበጅ ይችላል። ዛሬ ወይም ነገ ግን አይደለም።»

«ስሟንስ አትጽፉትም አሉ።»

«አንጽፍም። ቁጥር ብቻ ነው።»

«ይሻላል» አለች ማሬ። «በስም ነው የተጎዳነው።» አውራ ጣቷን ዘረጋች። «በይ ቀቢኝ። እኔ ነኝ የወለድኳት፤ ወለተ ሐናም ዕፀገነትም አንዲት ናቸው።»

ሐረገ ወይን ጣቷን በእስክሪብቶ ቀለም ቀባችላት። ማሬ የባሏን ፊርማ አልፋ፣ ከሥሩ ጣቷን አሳረፈች፤ ጠንክራ ጫነችው። ሲስተሯ ወረቀቱን አጥፋ፣ እጇን ስማ፣ መንገድ ሳይመሽባት ወጣች። ስማቸው ተነሥቶ፣ ቦርሳዋን ተቀብሎ እስከ ባጃጁ ሸኛት።

ማሬ ወደ ሴቶቹ አልተመለሰችም። በወንዶቹ በኩል መጥታ፣ መሪጌታ የተቀመጡበት ሰሌን ላይ ተቀመጠች። አጠገባቸው አይደለም፤ መካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተወች። መሪጌታ ይቅር በይኝ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና፣ ቃሉ ትንሽ ሆኖ ታያቸው።

ከእስቴ በኩል ዘግይተው የሰሙ ለቀስተኞች መጡ። አልቅሰው፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ፣ አንድ ሽማግሌ መቀመጫ አጥተው ባልና ሚስቱ መካከል ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ። ማሬ ቀና ሳትል መዳፏን ክፍት የሆነው ሰሌን ላይ አሳረፈች። ሽማግሌው ገባቸውና ወደ ዳር አለፉ። እጇን አላነሣችም። ጥቂት ቆይተው መሪጌታ የራሳቸውን እጅ፣ የሷን ሳይነኩ፣ ከጎኑ አስቀመጡ።